ርካሽ መክረሚያ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት ማብቂያ ላይ ክረምቱን በኒቆጵልዮን ለማሳለፍ መወሰኑን ይነግረዋል። ብዙ ሊቃውንት ይህች ከተማ በምዕራብ ግሪክ፣ ከዛሬዋ ፕሬቬዛ አጠገብ ፍርስራሿ የሚታየው ናት ይላሉ። የእኔ የሸራ ጀልባም የምትከርመው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከወሽመጡ ማዶ አክቲዮ በሚባል ቦታ ነው። ሐዋርያው ከተማዋን ለምን እንደመረጣት አልጻፈም። እኔ የመረጥኩት ርካሽ ስለሆነ ነው።

የምኖረው ለንደን ነው፤ የሆስፒታል ኤሌክትሪክ ጠጋኝ ነኝ። ጀልባዋ 8 ሜትር ተኩል የምትሆን አሮጌ ናት። የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ታንኳ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ የደንገል ታንኳ ውኃ ሲጠጣ ወደ ዳር ጎትተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ለዚያ ኪራይ የሚጠይቅ የለም። እናቴ ስለ ጀልባዋ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ለመሆኑ ቆማም ትበላለች?» አለችኝ። ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ገብቷታል።

ትበላለች እንጂ! ነፋሱ በነጻ ነው፤ ባሕሩም በነጻ ነው። የሚያስከፍለው መቆሙ ነው። የዚህ ዓይነት ጀልባ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳልፈው ቆማ ነው፤ በክሬን ከውኃ ትወጣለች፣ በብረት ድጋፍ ትደገፋለች፣ ከብዙ መሰሎቿ ጋር ተሰልፋ ባለቤቷን ትጠብቃለች። በደቡብ እንግሊዝ ማሪና ውስጥ ለዚህ የሚጠየቀውን ሳስብ የአክቲዮው ሒሳብ ሲሶውም አይሞላም። (የሮማው ኦክታቪያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ31 ዓመት አንቶኒዮስንና ክሊዮፓትራን ድል ያደረገው እዚሁ ባሕር ላይ ነው፤ ከማረካቸው መርከቦች የነቀላቸውን የነሐስ መምቻዎች በኒቆጵልዮን ግንብ ላይ ሰክቷቸው ነበር። የተሰኩበት ጉድጓድ አሁንም ይታያል። የተሸናፊ መርከብ እንኳ እዚህ አገር የብስ ላይ ይከርማል።)

ለምን ረከሰ? መሬቱ ሰፊ ነው፣ ማሪናው ከተማ መሀል አይደለም፤ ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ግሪክ በዕዳ ስትያዝ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በ22 በመቶ ተቆረጠ፤ ከ25 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ በ32 በመቶ። ለእኔ የተመቸኝ ዋጋ ከፊል ምንጩ ይህ ነው። የጀልባዬን ሆድ የሚፍቅልኝና ቀለም የሚቀባልኝ ሰው ደግሞ ግሪካዊም አይደለም፤ ከአልባኒያ የመጣ ነው። ታዲያ ሒሳቤን ከከፈልኩ በኋላ ለዚህ ቦታ የሚቀርብኝ ዕዳ አለ ወይስ የለም?

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የሠራተኛን ዋጋ አታሳድር» አሉኝ፤ ኦሪት የምታዝዘውን ነው። አላሳድርም፤ በዕለቱ እከፍላለሁ። የእኔ ጥያቄ ግን መቼ የሚል ሳይሆን ስንት የሚል ነው፤ ስንቱንስ ማን ቆረጠው?

በሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍ ያለው የመርከብ ታሪክም በመሠረቱ የመክረሚያ ፍለጋ ታሪክ ነው። መልካም ወደብ የተባለው የቀርጤስ ጠረፍ ለመክረም አልተመቸም ተባለና አብዛኞቹ እንሂድ አሉ። ጳውሎስ አስጠንቅቆ ነበር፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን መሪና ባለቤት አመነ። ባለቤቱ እህል ጭኖ ወደ ኢጣሊያ የሚሄድ ነጋዴ ነው፤ የባለ ንብረት ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰማ እዚህ ላይ ልብ ይሏል። መርከቡ ተሰብሮ 276 ሰው ማልታ ላይ ሲወጣ ደሴተኞቹ እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ማንነታቸውን አልጠየቁም፣ ዋጋም አልቆረጡም።

የዛሬው ሕግ ይጠይቃል፤ ግን ሰውየውን ነው እንጂ ጀልባዋን እምብዛም አያስቸግርም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ እኔ በየ180 ቀኑ ከ90 ቀን በላይ ግሪክ መቆየት አልችልም። ጀልባዬ ግን ያለ ቀረጥ 18 ወር ትቀመጣለች። ጊዜዋ ሲቃረብ ከኮርፉ ተነስቼ ፊት ለፊት ወዳለችው የአልባኒያ ከተማ ወደ ሳራንዳ እሻገራለሁ፤ ምሳ በልቼ፣ ወረቀት አስመትቼ እመለሳለሁ፤ 18 ወሩ እንደ አዲስ ይቆጠራል። በነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. ቭሎራ በተባለች መርከብ 20 ሺህ ያህል አልባኒያውያን ከዱረስ ተነስተው ባሪ ሲደርሱ ግን ኢጣሊያ አብዛኞቹን መልሳቸዋለች። የሳራንዳውን ምሳ ለዚያ ሠራተኛ ስነግረው ሳቀ፤ «ጀልባ ሆኜ ብወለድ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ የለንደን የመኖሪያ ወረቀት ስጠብቅ የኖርኩበት ዘመን ትዝ እያለኝ።

ወዳጆቼ «ሥራ እየፈጠርክላቸው ነው» ይሉኛል። አዲስ አበባ ሄደን በፓውንድ እያሰላን «ቤቱ ርካሽ ነው» ስንል የምንለውም ይህንኑ ነው፤ የሰፈሩ ተወላጅ ግን ወደ ከተማው ዳር ይገፋል። ርካሽ ቦታ መፈለግ ኃጢአት አይመስለኝም፤ ገንዘብ የቸገረው ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? የማልቀበለው ርካሽነቱን እንደ ፀሐዩና እንደ ነፋሱ ከሰማይ የወረደ አድርጎ መቁጠርን ነው። ስለዚህ ከማሪናው ባለቤት ጋር ያለ ዕፍረት እከራከራለሁ፤ ከሚፍቀው ሰው ጋር ግን አልከራከርም፣ የጠራልኝን እከፍላለሁ። ትንሽ ነገር ነው፤ ሕሊናም በርካሽ ሊገዛ እንደሚችል አውቃለሁ።

ከማሪናው ለሚመጣው ዓመት ክፍያው እንደሚጨምር ጽፈውልኛል። አንድ ወዳጄ ቱኒዚያ፣ ሞናስቲር ይሻልሃል ይለኛል። የአንድ ቦታ ሰዎች ኑሮ ከተሻሻለ ዋጋው መጨመሩ አይቀርም፤ በጨመረ ቁጥር ወደ ሌላ ድሃ አገር ከሸሸሁ ስፈልግ የኖርኩት ወደቡን ሳይሆን ድህነቱን ነበር ማለት ነው። ስለዚህ እቆያለሁ ብዬ መልሻለሁ፤ ከጭማሪው ለሠራተኞቹ የሚደርስ ነገር እንዳለም በዚያው ደብዳቤ ጠይቄያለሁ። የባንክ ቁጥራቸውን ልከውልኛል።