ድምፅ ማጉያውና የኋለኛው ሶፍ

  

በቅርቡ ከሽሮ ሜዳ የመጡ ጥቂት ወጣቶች ምክር ጠየቁኝ። የአንደኛው አባት ከዶርዜ የመጣ ሸማኔ ነው። ዒድን እዚያው ደጋ ላይ ሜዳ ወጥቶ ከሚሰግደው አነስተኛ ጀመዓ ጋር ሊያሳልፉ አስበዋል፤ ተንቀሳቃሽ ድምፅ ማጉያም ገዝተው ሊወስዱ ገንዘብ አዋጥተዋል። «የትኛው ይሻላል? አራት ቀበሌ የሚያሰማ አለ ብለውናል» አሉኝ። እኔም «ማን እንዲሰማ ነው የምትፈልጉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

ነገሩ ከዚህ ጥያቄ ይጀምራል ወገኖቼ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የዒድ ቀን ኹጥባቸውን ጨርሰው ሲያበቁ ሴቶቹ ሳይሰሙ እንደቀሩ ገመቱ። «እንግዲህ አልፏል» አላሉም። ቢላልን (ረ.ዐ) አስከትለው ሴቶቹ ወዳሉበት ሄዱና ለብቻቸው መከሯቸው፤ ሴቶቹም ጉትቻና ቀለበታቸውን እያወለቁ በቢላል ልብስ ላይ ለሶደቃ ጣሉ። በዐረፋ ሜዳ በመሰናበቻው ሐጅም ረቢዓ ኢብኑ ኡመያ ቃላቸውን እየተቀበለ ለሩቁ ሰው ያሰማ ነበር። በመጨረሻው ሕመማቸው ጊዜ ደግሞ ተቀምጠው ሲያሰግዱ ተክቢራቸውን ለሰጋጁ ያደረሰው አቡበክር (ረ.ዐ) ነው። ስለዚህ ለሩቁ ማሰማት ከጥንት የነበረ ጉዳይ ነው፤ አዲሱ ነገር ሽቦውና ባትሪው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ለሰጋጁ ማሰማትና አገር ማንቀጥቀጥ የተለያዩ ናቸው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ 110ኛው አንቀጽ በሶላት ድምፅን ከመጠን በላይ ከፍ ማድረግንም ፈጽሞ ዝቅ ማድረግንም ከልክሎ መካከለኛውን መንገድ አዝዟል። በዶርዜ አብዛኛው ነዋሪ የኦርቶዶክስና የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው። ቤቱም ከቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ ድምፅ የሚያግድ የብሎኬት ግድግዳ የለውም። አራስ ትኖራለች፣ የታመመ ሽማግሌ ይኖራል። የጎረቤት ሐቅ ጎረቤቱ ሙስሊም ባይሆንም ሐቅ ነው! ደግሞም ለዒድ ሶላት አዛንም ኢቃማም የለም። ታዲያ ጎህ ሳይቀድ ማጉያውን ማስጮህ ማንን ለመጥራት ነው?

የጋሞ ሰው ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ሜዳው ላይ ጉዳዩን ሲመክር የኖረው ያለ ማጉያ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። በመስከረም 2011 በቡራዩ በርካታ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ በአርባ ምንጭ በቁጣ የወጣውን ወጣት፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው እንደመለሱት ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ባለ አገር በጩኸት ሰው እናሳምናለን ማለት ምን ይባላል?

ወደ ዕቃው እንመለስ። አንድ ትልቅና የሚጮህ ማጉያ ከምትገዙ ሁለት መለስተኛ ግዙ አልኳቸው። አንድ ብቻ ከሆነ የፊተኛውን ሶፍ ጆሮ እያደነቆረ የኋለኛው አይሰማም። አንዱን ከፊት በጎን፣ ሌላውን ወደ ሴቶቹ ሶፍ ጠጋ አድርጋችሁ፣ ከሰው ራስ በላይ በማቆሚያ ሰቅላችሁ፣ አፉን ወደ ሰጋጁ ዘንበል አድርጉት። ማይክሮፎኑ ከማጉያው ፊት ከዋለ የራሱን ድምፅ መልሶ እየተቀበለ ያፏጫል፤ ስለዚህ ማጉያው ምንጊዜም ከኢማሙ ራቅ ብሎ በጎን ይሁን እንጂ ወደ እርሱ አይዙር። በእንጨት የቆመ ማይክ ኢማሙ ሩኩዕና ሱጁድ ሲወርድ ድምፁን ያጣል። ደረት ላይ የሚቆነጠጠው ይሻላል። በደጋው ነፋስ ስላለ የስፖንጅ ቆቡን አትርሱ። ጉምና ካፊያም አለ፤ ሽቦ በእርጥብ ሣር ላይ አይጎተት፣ መገናኛው በላስቲክ ይሸፈን። ባትሪው በዋዜማው ሙሉ ይሞላ፤ መብራት አለ ተብሎ አይታመንም። ባዶ ሜዳ ላይ የተለካ ድምፅ ሰው ሲሞላ ያንሳል፤ የሰው አካልና ልብስ ድምፅ ይውጣል። ስለዚህ የሚቆጣጠረው ሰው ከኋለኛው ሶፍ ይሁን፤ ከመሣሪያው አጠገብ ቆሞ «በደንብ ይሰማል» የሚል ባለሙያ አታቁሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት በአንድ ከተማ ዒድ ስንሰግድ በሁለተኛው ረከዓ ማጉያው ድርግም አለ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። የፊተኞቹ ለተሸሁድ ተቀምጠው እኛ በሱጁድ ቀረን። አንዱ ቀና ብሎ አየ፣ ሌላው ተነሣ፣ የቀረው ግራ ተጋባ። ግማሹ ሰው ኢማሙ ካሰላመተ በኋላ ነው የነቃው። መሣሪያው ውድ ነበር፤ ተክቢራውን ተቀብሎ የሚያሰማ ሰው ግን አልተመደበም። ዑለማዎች ሙበሊግ ያለ ችግር አያስፈልግም ቢሉም፣ ሲቸግር የሚደርስ ሰው መኖሩ ግን ግድ ነው።

ወጣቶቹ ይህን ሰምተው ሁለቱን ትናንሽ ማጉያዎች ሊገዙ ተስማሙ። በተረፈው ገንዘብ ለሴቶቹ ሶፍ ምንጣፍ እንዲጨምሩ አሳሰብኳቸው። ከመካከላቸው ድምፁ ጎላ የሚለው ያ የሸማኔው ልጅ ነው። እርሱ ከሶፎቹ መሐል እንዲቆም ወሰንን፤ ማጉያው እስካልጠፋ ድረስ ዝም ይላል።