ሰበብ የተጫነባት ጥቁር ኳስ

በደቡብ ለንደን፣ ቱቲንግ በሚባል ሰፈር አንድ ልጅ ነበረ፤ ጂሚ ኋይት ይባላል። ከትምህርት ቤት እየቀረ የሚውለው ስኑከር ቤት ነበር። ግራኝ ነው። አጨዋወቱ ፈጣን ከመሆኑ የተነሳ ገና አንዷ ኳስ ቀዳዳ ሳትገባ ለሌላዋ መዘጋጀት ይጀምራል። ሲያድግ «አውሎ ነፋስ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ለዚሁ ነው። በ1980 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በ18 ዓመቱ የዓለም አማተሮች ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲያ ትልቁን ዋንጫ መቼ እንደሚወስድ ይጠየቅ ነበር እንጂ፣ ይወስድ ይሆን ወይ ብሎ የተጠራጠረ ብዙም አልነበረም።

ፑል ቤት ያደገ አንባቢ ስኑከርን ለመገመት አይቸገርም፤ ጠረጴዛውን ብቻ በሐሳቡ ያስረዝመው። ርዝመቱ ወደ 3.6 ሜትር ይጠጋል፣ ኳሶቹ ትንንሽ፣ ቀዳዳዎቹም ጠባብ ናቸው። 15 ቀይ ኳሶች አሉ፤ አንዷ ቀይ ስትገባ 1 ነጥብ ታስገኛለች። ቀይ ያስገባ ደግሞ ከባለ ቀለሞቹ አንዷን ይሞክራል። ከእነዚህ ትልቋ ጥቁሯ ናት፣ 7 ነጥብ። ቀይ እስካለ ድረስ የገባችውን ባለ ቀለም ነጭ ጓንት ያጠለቀ ዳኛ አውጥቶ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። የሳተ ሄዶ ይቀመጣል። የጨዋታው ጭካኔ እዚህ ላይ ነው። ቦክሰኛ ሲመታ እጁን ያነሳል፣ እግር ኳስ ተጫዋች ሲቀደም ሮጦ ይከተላል። ስኑከር ተጫዋች ግን ባላንጣው ነጥብ ሲለቅም ወንበሩ ላይ ሆኖ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም።

የዓለም ሻምፒዮና ከ1977 ጀምሮ የሚካሄደው በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ፣ ክሩሲብል በተባለ ቴአትር ቤት ነው። አዳራሹ አንድ ሺህ ሰው እንኳ አይዝም፤ ተመልካቹ የተጫዋቹን ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ ቅርብ ነው። በፍጻሜው 18 ጨዋታ (እነሱ ፍሬም ይሉታል) ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል።

ኋይት ለፍጻሜ የደረሰው መጀመሪያ በ1984 ነው። ስቲቭ ዴቪስ 12 ለ 4 ከመራው በኋላ እየተከታተለ ተጠግቶት፣ በመጨረሻ 18 ለ 16 ተሸነፈ። ዕድሜው ገና 22 ነበርና ማንም ብዙ አላዘነለትም። በ1990 የ21 ዓመቱ ስኮትላንዳዊ ስቲቨን ሄንድሪ 18 ለ 12 አሸንፎት በታሪክ በዕድሜ ከሁሉም ትንሹ ሻምፒዮን ሆነ። በ1991 ጆን ፓሮት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ 7 ለ 0 መርቶት 18 ለ 11 ጨረሰው። የ1993ቱን ለማውራት እንኳ ያሳፍራል፤ 18 ለ 5፣ ያውም በሄንድሪ። የ1992ቱን ዘልዬዋለሁ፤ እመለስበታለሁ።

በ1994 ለስድስተኛ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው አሁንም ሄንድሪ ነው። ሄንድሪ በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ሆቴሉ ውስጥ አንሸራቶት ወድቆ የግራ ክርኑ ተሰብሮ ነበር። ቀኝ እጁ ዘንጉን ሲገፋ፣ ጨርቁ ላይ ተዘርግቶ ዘንጉን የሚሸከመው ያው የግራ እጁ ነው። ቢሸነፍ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ግንቦት 2 ቀን፣ ኋይት 32 ዓመት በሞላበት ዕለት ማታ፣ ውጤቱ 17 ለ 17 ሆነ። አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረ።

በዚያ ጨዋታ ኋይት ይመራል። ጠረጴዛው ላይ ያለው እሱ ነው፤ ቀዮቹም ተበታትነው የሚለቅማቸውን ይጠብቃሉ። ጥቁሯ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለችውን ኳስ ባለሙያ በልምምድ ላይ መቶ ጊዜ ቢመታት መቶ ጊዜ የሚያስገባት ናት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ኋይት ጎንበስ አለ፣ መታት፣ ሳታት። አዳራሹ በአንድ ድምፅ አቃሰተ። ሄንድሪ ተነስቶ በአንድ ተራ 58 ነጥብ ለቀመ፤ ኋይት ይህን ሁሉ ወንበሩ ላይ ሆኖ አየ። ሲያበቃ ማይክሮፎን ሲሰጡት፣ ይህ ሰውዬ ሊያናድደኝ ጀምሯል ብሎ ሕዝቡን አሳቀ። በልደቱ ቀን፣ በዚያች ሰዓት ይህን ማለት የቻለ ሰው መወደዱ አይገርምም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኋይት የሚያወራ ሰው ሁሉ ከዚያች ጥቁር ኳስ ይጀምራል። ያቺ ብትገባ ኖሮ እያለ ይቆጫል።

ለእኔ ይህ ታሪክ ስለ ዕድል አይደለም፤ ስለ ሰበብ ነው። የስድስት ፍጻሜ ሽንፈት፣ የአሥር ዓመት ታሪክ፣ አንዲት ኳስ ላይ ተጭኖ አየን። ሊበሏት የፈለጓትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል፤ ጥቁሯም የተመረጠችው ስለምትታይ ነው። በቴሌቪዥን ተይዛለች፣ ደጋግሞ ማሳየት ይቻላል፣ ለወሬም ትመቻለች። 18 ለ 5 የተሸነፈ ሰው ግን ይህቺ ናት የጣለችኝ ብሎ የሚጠቁማት ኳስ የለችውም።

እኛም ዘንድ ይህ የታወቀ ነው። ያቺ የማትሪክ ፈተና ባትከብደኝ ኖሮ፣ ያ ቪዛ ቢመታልኝ ኖሮ፣ ያ አለቃ ባይመጣብኝ ኖሮ የሚል ሰው በየቡና ቤቱ አለ። አንዳንዱ እውነቱን ነው፤ አንዲት ቀን የሰው ሕይወት ስታጣምም አይቻለሁ። ብዙው ግን ጥቁር ኳሱን ይዞ፣ ከዚያ በፊት የባከኑትን ምሽቶች አይቆጥርም። ኋይት ራሱ በዚህ ረገድ ከደጋፊዎቹ ይሻላል፤ ስለ መጠጡ፣ ስለ ቁማሩና በወጣትነቱ እንደዋዛ ስላለፉት ሌሊቶች በአደባባይ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ሄንድሪስ? የተሰበረ ክርን ይዞ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ሰበብ ከየት ይመጣል? ሳይጠቀምበት ዋንጫውን ወሰደ፤ እስከ 1999 ድረስም የዋንጫዎቹን ቁጥር ሰባት አደረሰ።

አሁን ወደ ዘለልኩት ዓመት ልመለስ። በ1992 ኋይት ዕድሜው 30 ነበር፣ በጉልበቱም በሙያውም ጫፍ ላይ። በዚያው ውድድር የመጀመሪያ ዙር በአንድ ተራ ሙሉውን 147 ነጥብ አስቆጥሯል፤ በክሩሲብል ይህን ሲያደርግ ሁለተኛው ሰው ነው። በፍጻሜው ሄንድሪን 14 ለ 8 መራ። አራት ጨዋታ ብቻ ቀርተውታል። ከዚያ ሄንድሪ አሥር ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ 18 ለ 14 ጨረሰ። ከእነዚያ አሥር ውስጥ እንደ 1994ቷ ጥቁር ኳስ የሁሉም ሰው ወሬ የሆነች አንዲት ምት የለችም። አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ሄደ፤ ወንበሩም ኋይትን እየለመደው መጣ።

ኋይት ዛሬም ዘንጉን አልሰቀለም። በዚያው በክሩሲብል የአንጋፋዎቹን የዓለም ዋንጫ በ2019፣ በ2020 እና በ2023 ወስዷል፤ የዋናውን ግን አንድም ጊዜ አልወሰደም። መቼ አጣው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በ1994 አልላችሁም። በ1992፣ በእነዚያ አሥር ጨዋታዎች ነው ያጣው።