ሽልማትና ዋጋ
ስለ ፍልሚያ ተመልካች ኃላፊነት

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የምትገኘው አዲስ ቅዳም ስሟን ያገኘችው ከቅዳሜ ገበያዋ ነው። ከፋግታ ለኮማ ቀበሌዎች የሚወርደው ገበሬ ድንቹንና ከሰሉን ይዞ ይመጣል፤ በገበያው ውስጥም ለሁሉ ነገር ዋጋ ይቆረጥለታል። ይኸው ገበሬ ጥር 23 ቀን ፈረሱን በጌጥ ሸልሞ ወደ እንጅባራ ሲያቀና ግን የሚሄደው ወደ ሌላ ዓይነት አደባባይ ነው። በዚያ ፈረሱ ይታያል፣ ይወደሳል እንጂ ዋጋ አይወጣለትም።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ሲሆን፣ ዓላማውም በ1888 ዓ.ም በዐድዋ የዘመቱትን አርበኞችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ውለታ መዘከር ነው። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በበዓሉ ከሚታዩት ትርኢቶች አንዱ ጉግስ ነው፤ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። ከዚያም ተራው ይገለበጣል፤ ያሳደደው ይሳደዳል። ሜዳውን የከበበው ሕዝብ ለወርዋሪው ብቻ ሳይሆን ለመካቹም እልል ይላል።

ከዚህ ትዕይንት አንድ ጥንታዊ ጥያቄ ይነሣል። ሰው በሰው ላይ ሲበረታ ማየት ስለምን ደስ ያሰኛል? ይህስ ደስታ ተመልካቹን ያስጠይቀዋልን?

ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ከጉግስ ሜዳ ወደ ኪክ ቦክሲንግ መድረክ ሲሻገሩ ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከካራቴና ከታይላንድ ቦክስ ተዳቅሎ የተወለደው ይህ ስፖርት ዛሬ በብዙ ከተሞች የምሽት ትርኢት ሆኗል። ትኬት ይቆረጣል፣ መብራት ይበራል፣ ሁለት ሰዎች በቡጢና በእርግጫ ይገጥማሉ። በጉግስም ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ጉዳት የጨዋታው መሰናክል ነው። በቡጢው መድረክ ግን ባላጋራን ራሱን ማሳት ከሁሉ የሚያጥረው የድል መንገድ ነው።

ለዚህ መከላከያ የሚያቀርቡ ወገኖች የሚናቅ ነገር አይናገሩም። ተፋላሚዎቹ በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው፤ ዓመታት የፈጀ ሥልጠና አላቸው፤ ራስን መግዛትን ተምረዋል፤ ለብዙ የድኻ ልጅም ይህ መድረክ ከችግር መውጫ ሆኖታል ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተፋላሚው ፈቃድ የሚመልሰው የተፋላሚውን ጥያቄ እንጂ የተመልካቹን አይደለም። ሰው በፈቃዱ አደጋ ውስጥ ስለ ገባ፣ አደጋውን መመኘት ለሌላው ንጹሕ ነገር አይሆንለትም።

ታሪክ ይህን በደም ጽፎታል። በጥንታዊት ግሪክ ቡጢንና እርግጫን፣ ትግልንም ባጣመረው የፓንክራሽን ውድድር፣ በ564 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ አሪኪዮን የተባለ ተፋላሚ አንገቱን ታንቆ ሳለ የባላጋራውን እግር ጣት አጥምዞ እጅ አሰጠው፤ እሱ ግን በዚያው ቅጽበት ሞተ። ዳኞቹም አክሊሉን በሬሳው ራስ ላይ ደፉ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኒው ዮርክ ኩባዊው ቤኒ ፓሬት ከኤሚል ግሪፊዝ ጋር ባደረገው ግጥሚያ፣ ሕዝብ በቴሌቪዥን እያየ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ከቀናት በኋላም ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ በአሥራ አራተኛው ዙር ተመትቶ ለሞት ተዳረገ። ከዚህ በኋላ የዓለም ቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮና ግጥሚያውን ከ15 ዙር ወደ 12 ዝቅ አደረገው።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ሕጉ የተለወጠው የአጥንት ጥንካሬ ስለ ተለወጠ አይደለም። ያየው ሕዝብ ስለ ደነገጠና ዝም አልል ስላለ ነው። እንግዲህ የተመልካች ድንጋጤ ሕግ መለወጥ ከቻለ፣ የተመልካች ጩኸትም ቡጢውን ማክበድ ይችላል ማለት ነው። ተመልካች ኃይል ካለው ኃላፊነትም አለበት።

የቴአትር ሰዎች ይህን ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ያውቁታል። በመድረክ ላይ በጦር የወደቀው ንጉሥ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ተነሥቶ እጅ ይነሣል። ቁስሉ የሐሰት ነው፤ በተመልካቹ ልብ የተነሣው ኀዘን ግን እውነተኛ ነው። በቡጢ መድረክ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ ቁስሉ እውነተኛ ሆኖ ሳለ የተመልካቹ ስሜት ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። የሚያስፈራውም ይህ ነው። ሐሰተኛ ቁስል አይቶ የሚያለቅስ ሕዝብ እውነተኛውን ቁስል አይቶ «ድገመው!» ማለት ከለመደ፣ በመካከል አንድ ነገር ሞቷል።

ሽልማት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ሸለመ» ማለት አስጌጠ ማለት ነው። ፈረስ ይሸለማል፤ ጀግናም ለምድ ይሸለማል። ጌጥ የሚያርፈው ቀድሞ ባለ ነገር ላይ ነው፤ ዋጋ ግን ገና ያልተደረገውን ነገር ይገዛል። በ1950ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ከበደ ሚካኤልንና ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሲሸልም፣ ሥራዎቻቸው ቀድመው በአንባቢና በተመልካች ዘንድ ነበሩ፤ ሽልማቱ አክብሮት ጨመረባቸው እንጂ አልፈጠራቸውም። በአንጻሩ ባላጋራውን ቶሎ ለዘረረ ተብሎ አስቀድሞ የሚመደብ ገንዘብ ስሙ ሽልማት ይባል እንጂ ግብሩ ዋጋ ነው። የሚገዛውም የሌላውን ሰው መውደቅ ነው።

ይህ ነገር የቡጢ አዘጋጆችን ብቻ አይመለከትም። በየትምህርት ቤቱ የግጥም ውድድር የሚያዘጋጅ መምህር፣ በየከተማው የኪነት ቡድኖችን የሚያወዳድር የባህል ኃላፊም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ልጁ የሚጽፈው የሚለው ስላለው ነው ወይስ ጓደኛውን ለማሳነስ? አዳራሹ የሚያጨበጭበው ለተነበበው ግጥም ነው ወይስ ለተሸናፊው ማፈር?

ውድድር ይቅር ማለት ግን አይደለም። በጳጉሜን 1952 ዓ.ም በሮም አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም እስከ መጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች አብሮት ሮጧል። አበበ ለማሸነፍ የራዲን እግር መስበር አላስፈለገውም፤ ይልቁንም የራዲ ብርታት ለአበበ ድል ክብር ጨመረለት። መልካም ውድድር የሚታወቀው በአሸናፊው ደስታ ሳይሆን ተሸናፊው ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሁኔታ ነው፤ አካሉም ክብሩም ሳይጎድል ከተመለሰ፣ የተመልካቹ እልልታ ዕዳ የለበትም።

የአዊ ፈረሰኞች በዓል ይህን ሳይሰብክ ያሳያል። በዐድዋ የወደቁት ፈረሶች ዋንጫ አልወሰዱም፤ ዋጋም አልተከፈላቸውም። ሆኖም በየዓመቱ የሚታወሱት እነሱ ናቸው። ጥር 23 ቀን ከእንጅባራ የሚመለሰው የአዲስ ቅዳም ፈረሰኛ በግልቢያው ተቀድሞ ሊሆን ይችላል። የፈረሱ ጌጥ ግን አይወልቅበትም፤ መንደሩ ሲደርስም «እንኳን በደኅና መጣህ» ተብሎ ይገባል። ከዚያም ቅዳሜ ሲሆን እንደ ወትሮው ከሰሉን ጭኖ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ለከሰሉም ዋጋ ይጠይቃል።