ጀልባ በማን ክንድ ትለካ?

በወደብ ከተሞች ለምንኖር ስደተኞች ባለ ሸራ ጀልባ የሀብታም መጫወቻ ብትመስለን አያስደንቅም። የምናውቃት የጣና የደንገል ታንኳ ብዙ ሳትቆይ ውሃ ስለምትጠጣ ባለቤቷ ለዚያው ወራት ጉልበትና ጭነት ልክ የምትሆን ሌላ ይሠራል፤ ከአሮጌዋ ጋር የሚያስረው ነገር የለም። የባሕር ጀልባ ግን የብዙ ዓመት ጥሪት የሚፈስባት፣ ብዙ ጊዜም ከገዢዋ ዕድሜ በላይ የምትኖር ንብረት ናት። ስለዚህም በየትኛው ዕድሜ የትኛዋን መያዝ ይገባል የሚለው ጥያቄ የገበያ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሰው ስለ ገዛ ጉልበቱ እውነቱን ለመናገር ይደፍራል ወይ የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ስለ ልጅነት ብዙ ማለት አያሻም። ክላርክ ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ በ1947 በፍሎሪዳ የነደፋት ኦፕቲሚስት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ርዝመቷ 2 ሜትር ተኩል አይሞላም፤ ሸራዋም አንድ ብቻ ነው። ልጁ ሲሳሳት ወዲያው ትገለበጥበታለች፤ ይረጥባል፣ ይማራል።

ቅራኔው የሚጀምረው ገንዘብ በሚመጣበትና ጉልበት በሚሄድበት ዕድሜ ነው። በዚህ ዘመኑ ሰው የሚመኘው ሰፊ አልጋ፣ ቁመቱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ማድ ቤትና ለልጅ ልጆች የሚበቃ ክፍል ነው። እነዚህ ሁሉ ርዝመት ይጠይቃሉ። ቅርጻቸው አንድ ከሆነ፣ ርዝመቷ እጥፍ የሆነ ጀልባ ክብደቷ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ወደብ ላይ ታስራ ስትታይ ይህ ክብደት አይታወቅም፤ ሌሊት ነፋስ ተነሥቶ ሸራ ማውረድ ግድ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ምቾት በእጅ ላይ ይወድቃል።

እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት ኤሪክና ሱዛን ሂስኮክ 9 ሜትር ያህል በምትረዝመው ዋንደረር 3ኛ ዓለምን ሁለት ጊዜ ዞረዋል፤ በመጀመሪያ ከ1952 እስከ 1955፣ ቀጥሎም ከ1959 እስከ 1962። ኤሪክ ስድሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው 15 ሜትር ያህል ርዝመት ያላትን የብረት ጀልባ፣ ዋንደረር 4ኛን፣ ቤት አድርገው ይኖሩባት ጀመር። በስተእርጅና ግን ከእርሷ ወደምታንሰው ዋንደረር 5ኛ ተመለሱ። ኤሪክ በ1986 ዐረፈ። እኛን እንደሆነ፣ ዓለምን ከመዞራቸው ይልቅ ይህ መመለሳቸው ያስደንቀናል።

ሰውን ሰው ያደረገው ከአቅሙ በላይ መመኘቱ ነው የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ፤ ምስክራቸውም ፍራንሲስ ቺቸስተር ነው። 65 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1966፣ ከፕሊማውዝ ብቻውን ተነሥቶ፣ በሲድኒ አንድ ጊዜ ብቻ ዐርፎ፣ በ1967 ዓለምን ዞሮ ገባ። ይሁንና 16 ሜትር ያህል የምትረዝመው ጂፕሲ ሞዝ 4ኛ ለእርሱ ከመጠን በላይ ትልቅ እንደነበረች ከድሉ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ታላቁን መርከብ ኖርዘርን ላይትን ያዝዝ የነበረው ጆሹዋ ስሎከም ደግሞ በ51 ዓመቱ፣ በ1895፣ ከቦስተን የወጣው በገዛ እጁ ባደሳት 11 ሜትር ያህል በምትረዝም ስፕሬይ ነበር። በጉዞው ላይ ቦነስ አይረስ ሲደርስ የሸራውን ምሰሶ ሁለት ሜትር ያህል አሳጠረው። ከዚያም በኋላ በስተኋላዋ ትንሽ ምሰሶ ጨምሮ ሸራውን ከፋፈለው። መርከበኛነቱ በዚህ አልቀነሰም።

ሁለቱም ግን ብቻቸውን ነበሩ፤ ቢሳሳቱ በአደጋ ላይ የሚጥሉት በመጀመሪያ የራሳቸውን ሕይወት ነው። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ግን በባሕር ላይ ሁለት ናቸው። ገመዱን የሚስበው ብርቱው ነው፤ ጀልባዋም የተመረጠችው በእርሱ ክንድ ተለክታ ነው። እርሱ ወደ ባሕር ቢወድቅስ? ሸራውን አውርዶ፣ ጀልባዋን መልሶ፣ ልብሱ ውሃ የጠጣ ሰው ጎትቶ የሚያወጣው ያው ደካማው ነው። እንግዲህ በብርቱው ክንድ የተለካች ጀልባ የሌላውን ሕይወት ያለ ፈቃዱ ለውርርድ ታቀርባለች። ዛሬ ገመድ የሚስብ የኤሌክትሪክ ሞተር አለ ይባላል፤ እኛም ጥቅሙን አንክድም። ነገር ግን ጨው የበላው ሽቦ መቼ እንደሚበጠስ ማንም ዋስ አይሆንም።

ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት፣ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ከሁለቱ ደካማው ብቻውን ሸራውን ይስቀል፣ ያውርድ፤ መልህቁንም በእጁ ያንሣ። ብርቱው ከጎን ይቀመጥ፣ እጁንም አያስገባ። ያ ካልተቻለ፣ ዋጋዋን መክፈል ቢችሉም እንኳ፣ ያነሰችዋን ይጠይቁ።