የፍሬቻ ድምፅና የሰው ቃል

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ የሚያሰለቸን ነገር ሁሉ ሊወገድ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ ትልቅ መጽሐፍ ወይም ትልቅ ሰው አይደለም፤ መኪና ሊታጠፍ ሲል «ቀጭ ቀጭ» የሚለው የፍሬቻ ድምፅ ነው።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በደወል እየተነሣሁ በደወል እየተኛሁ አደግሁ፤ ከዚያም መምህር ሆኜ ዕድሜዬን በደወል ስገባና በደወል ስወጣ ኖርሁ። ጡረታ ወጥቼ ሰንዳፋ ስቀመጥ ከሁሉ ይልቅ የተመኘሁት ጸጥታን ነበር። ስለዚህ የአሮጌ መኪናዬ ፍሬቻ ድምፅ፥ ትንኝ በጆሮዬ የገባች ያህል ያስመርረኝ ጀመር።

አንድ ቀን ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሄጄ «ይህን ድምፅ ማጥፋት ይቻላልን?» አልሁት። ልጁም «ይቻላል ጋሼ፤ ግን ለእርስዎ ብሎ እኮ ነው የሚጮኸው» አለኝ። እኔም «መብራቱ ይበቃኛል» አልሁ። ድምፁን የምትሰጠውን ትንሽ ሣጥን አውጥቶ አሳየኝ። በቀድሞዎቹ መኪናዎች በዚህች ሣጥን ውስጥ ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራች ስስ ቅጠል አለች፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ትሞቃለች፥ ስትሞቅ ትጎብጣለች፥ ስትጎብጥ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች፤ ስትበርድ ተመልሳ ትገጥማለች። «ቀጭ» የሚለው የእርስዋ መሄድና መመለስ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የመኪና ደንብ ፍሬቻ በደቂቃ ቢያንስ 60፥ ቢበዛ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ይህም ከሰው የልብ ምት ብዙ አይርቅም። በብዙ መኪናዎች አንድ አምፖል ሲቃጠል ምቱ ይፈጥናል፤ ጉድለቱን ለነጂው መንገሩ ነው። ልጁ ግን እንዳዘዝሁት ሣጥኗን በስፖንጅ ጠቅልሎ ዝም አሰኛት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከለገዳዲ ወደ ሰንዳፋ በደሴ መንገድ ስመለስ፥ ጭድ የጫነ መኪና ቀድሜ፥ የቀኙን ፍሬቻ አብርቼ ወደ መሥመሬ ገባሁ። ፍሬቻ ራሱን የሚያጠፋው መሪው በደንብ ተጠምዝዞ ሲመለስ ነው፤ መኪና ለመቅደም ግን መሪ የሚዞረው ጥቂት ብቻ ስለሆነ፥ መብራቱ እንደ በራ ቀረ። ድምፁ የለም፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለችውንም ትንሽ መብራት የቀትር ፀሐይ ውጧታል።

በስተቀኝ ባለው የኮረኮንች መንገድ አፍ ላይ አንድ ባለ ጋሪ ቆሞ ነበር። ፍሬቻዬን አይቶ «ወደዚህ ሊታጠፍ ነው» ብሎ አመነና ፈረሱን ወደ አስፋልቱ አወጣ። ፍሬን ረገጥሁ፤ መኪናዋ ከፈረሱ ደረት አንድ ክንድ ያህል ስትቀራት ቆመች። ሰውየው የፈረሱን አንገት እየዳበሰ፥ እጁ እየተንቀጠቀጠ፥ «አባባ፥ እታጠፋለሁ ብለውኝ ነበር እኮ» አለኝ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ ነበር።

ይህ ሰው ስሜን አያውቅም፤ ነገር ግን ነፍሱን በቃሌ ላይ ጥሎ ነበር። ፍሬቻ በጣሊያንኛ ፍላጻ ማለት ነው፤ ከተወረወረ የሚመለስ አይደለም። እኛም «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንላለን። መብራቱ ለሌላው ሰው የሰጠነው ቃል ነው፤ ድምፁ ደግሞ ቃል መስጠታችንን ለራሳችን የሚያስታውሰን ነው። እኔ ቃሌን ሳላነሣ ማስታወሻውን አነሣሁ።

ማታ ተኝቼ ሳስብ፥ ይህ የመጀመሪያዬ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ። የትምህርት ቤት ዲሬክተር ሳለሁ አንድ ወጣት መምህር በየስብሰባው እየተነሣ «ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡት ልጆች በክፍል ውስጥ እያንቀላፉ ነውና አንድ ነገር እናድርግ» ይል ነበር። ቢሰለቸኝ ከኮሚቴው አወጣሁት። ስብሰባው ጸጥ አለ፤ እኔም ጸጥታውን ሰላም አልሁት። ልጆቹ ግን እንደ ተራቡ ነበሩ።

«ዛሬ እኮ ድምፁን መቀነስ ይቻላል» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። በዛሬዎቹ ብዙ መኪናዎች ድምፁ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ነው፤ በአንዳንዶቹም ከመስተዋቱ ሰሌዳ ላይ በጣት ተነክቶ ከፍና ዝቅ ይላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሞተራቸው ስለማይጮኽ፥ የፍሬቻው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። እንግዲህ ዝቅ ማድረጉ ነውር አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ መምህርም ተማሪዎቹ መስማት ይተዉታል፤ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። ዝቅ ማድረግና ማፈን ግን አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ልጄ፥ አንድ ድምፅ ሲያሰለችህ እጅህን ከመዘርጋትህ በፊት «የሚያሰለቸኝ ሐሰት ስለሆነ ነውን? ወይስ እውነት ስለሆነ ነው?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ወዳጅ ያስለቅሳል ጠላት ያስቃል ይባላልና። ስፖንጁን ለማስወጣት ዐሥር ደቂቃ በቃኝ፤ ያን መምህር ግን ይቅርታ ልጠይቀው ብፈልግ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። አንተ ሳይረፍድብህ ስማ።