በፎቶግራፉ ውስጥ የሌለው ልጅ

ሰው ያለፈውን ዘመን ለማስታወስ ከሚያስቀምጣቸው ነገሮች ኹሉ፥ የልጆችን ደስታ እንደሚያሳይ ፎቶግራፍ ያለ ልብን የሚያባባ የለም። በአሜሪካ አገር ከ1950ዎቹ ዓመታት የቀሩ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በብዙ ቤት ተቀምጠው ይገኛሉ (ዓመቶቹ ኹሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው)። ጠርዛቸው ነጭ ነው፤ በብዙዎቹም ጠርዝ ላይ የታተሙበት ወርና ዓመት በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ቀለማቸውም ከጊዜ ብዛት ወደ ቀይነት አዘንብሏል። በአንዱ ላይ ሴት ልጅ በሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ ተቀምጣ አንገቱን አጥብቃ ይዛለች፤ በሌላው ኹለት ወንድማማች አፋቸው ስኳር በስኳር ኾኖ ይሥቃሉ፤ በሦስተኛውም አንድ ብላቴና በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቍልቍል ከሚሮጠው ሠረገላ ወርዶ፥ ገና ከድንጋጤው ሳይመለስ ሊኰራ ይሞክራል። ልጆቹ የማን እንደ ኾኑ የማያውቅ ሰው እንኳ ሲያያቸው ፊቱ ይፈታል።

ነገር ግን በዚያ ዘመን ከነበሩት የመጫወቻ ስፍራዎች ብዙዎቹ ጥቍር ልጅን በበራቸው አያስገቡም ነበር። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው በእንደዚያ ያለ ስፍራ የተነሣውን ሥዕል በደስታ ሊያየው ይገባዋልን?

ፎቶግራፍ ማንሣት አስቀድሞ የባለሙያና የባለጠጋ ሥራ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ግን የኮዳክ ኩባንያ ብራውኒ የተባለችውን ሣጥን መሳይ መኪና በ1 ዶላር መሸጥ ስለ ጀመረ፥ ተራው አባትና ተራዪቱ እናት የቤተ ሰባቸው ታሪክ ጸሐፊዎች ኾኑ። ታሪክ ጸሐፊም ይመርጣል። ወረፋ ሲጠብቅ ያለቀሰው ልጅ፥ እግሯን ጫማ የላጣት እናት፥ ማታ በኪሱ የቀረውን ሳንቲም የሚቈጥረው አባት በሥዕሉ ውስጥ አይገኙም። እንዲህ ያለው ዝምታ ሐሰት አይባልም። አባት የልጁን ዕንባ ትቶ ሣቁን ቢያስቀር፥ ልጁ አድጎ በሚያየው ጊዜ ደስ እንዲለው ብሎ ነውና፥ ሥራው ከቸርነት ይቈጠራል።

ሌላው ዝምታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ያለቀሰው ልጅ ከሥዕሉ የቀረው አባቱ ስለ ራራለት ነው፤ ጥቍሩ ልጅ የቀረው ግን ፎቶግራፍ አንሺው መኪናውን ሳያነሣ አስቀድሞ በበሩ ላይ ነው። አባትዮው ሥዕሉን ሲያነሣ ማንንም ከፊቱ አላስወገደም፤ የሚወገድ አልነበረምና። ስለዚህ ሥዕሉ ንጹሕ ይመስላል፤ ንጽሕናውም የተገኘው ሌላ ሰው ያን ሥራ አስቀድሞ ስለ ሠራለት ነው።

ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግ በአፕሪል 1963 ዓ.ም. በበርሚንግሃም ከተማ ታስረው ሳሉ፥ ታገሡ ለሚሏቸው ካህናት ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በዚያ ደብዳቤ ግድያውን፥ ድብደባውንና ድኽነቱን ከዘረዘሩ በኋላ ትንሽ የሚመስል አንድ ነገር ጨመሩ፤ ይኸውም የ6 ዓመት ሴት ልጃቸው ፈን ታውን የተባለውን የመጫወቻ ስፍራ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አይታ ውሰዱኝ ብትላቸው፥ ስፍራው ለጥቍር ልጆች ዝግ መኾኑን ሊነግሯት አንደበታቸው እንደ ተሳሰረ ነው። ሞትንና የልጅን ጨዋታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማግባታቸው አንዳንዱን አንባቢ ያስገርም ይኾናል፤ አባት የኾነውን ግን አያስገርመውም።

አንዳንድ ሰዎች፥ ልጆቹ ምን አጠፉ? ሥዕሉን በደስታ ማየት ነው እንጂ የሌለን ሰው በውስጡ መፈለግ ደግ አይደለም፥ ይላሉ። ስለ ልጆቹ የተናገሩት እውነት ነው። የ5 ዓመት ልጅ ከፈረሱ በቀር የሚያየው የለውም፤ በበሩ ላይ ማን እንደ ተመለሰ አልጠየቀም፤ ሊጠይቅም አይችልም። ነገር ግን በያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ አንድ የማይታይ ሰው አለ፤ እርሱም ሥዕሉን ያነሣው ነው። እርሱ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሏል፤ ወረፋ ሲጠብቅ ከፊቱና ከኋላው የቆሙትን አይቷል፤ የከተማውንም ልማድ ያውቃል። ንጽሕናው የልጁ ነው፤ አባት ከልጁ ተበድሮ ሊለብሰው አይችልም።

ሌሎች ደግሞ፥ ያ ሣቅ በበደል አጥር ውስጥ የተሣቀ ስለ ኾነ ሊናቅ ይገባዋል፥ ይላሉ። ይህ አሳብ ጻድቅ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ከመጀመሪያው የባሰ ስሕተት አለበት። ደስታው ከንቱ ከኾነ፥ የተከለከለችው ልጅ በምን ተጐዳች? ለከንቱ ነገር የሚያለቅስ ሞኝ አይባልምን? በሩን የዘጉትም ሰዎች ቢኾኑ፥ ስለ ጥቂት የእንጨት ፈረሶች ይህን ያህል ጩኸት ምንድር ነው፥ ለማለት ይቀላቸዋል። የሥዕሎቹን ደስታ የሚንቅ ሰው ሳያስበው ከእነርሱ ጋራ አንድ ቃል ይናገራል። ይልቁንስ እነዚህ ሥዕሎች የተከለከለው ነገር ምን ያህል ታላቅ እንደ ነበረ የሚመሰክሩ ናቸው። የልጅቱ ሣቅ ባማረ መጠን የበሩ ክፋት ይገለጣል።

የተከለከለውም የልጁ ደስታ ብቻ አይደለም። ዋልት ዲዝኒ በጁላይ 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ አናሃይም የከፈተውን ስመ ጥር የመጫወቻ ስፍራ እንዴት እንዳሰበው ሲናገር፥ በሎስ አንጀለስ ሴቶች ልጆቹ በእንጨት ፈረሶች ሲዞሩ እርሱ ባግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ያያቸው እንደ ነበረ ያወሳ ነበር። ያ ወንበር ትንሽ ነገር አይደለም። ልጅ ሲዞር አባት ይጠብቃል፤ ፈረሱ ዞሮ በመጣ ቍጥር እጁን ያነሣል፤ ልጁም ያየዋል። በሩ ሲዘጋ ለልጁ ፈረሱ፥ ለአባቱም ወንበሩ ተነሣው፤ በምትኩ የተሰጠው ለልጁ የማይነገር ምክንያት ይዞ ወደ ቤት መመለስ ነው።

ይህን ለመለወጥ ብዙ ሰው ደክሟል። ከዋሺንግተን አጠገብ ግሌን ኤኮ በተባለው የመጫወቻ ስፍራ፥ በጁን 30 ቀን 1960 ዓ.ም. የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገብተው በሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ ተቀመጡ፤ ቲኬት ይዘው ሳሉም 5 ሰዎች ታሰሩ። በአካባቢው የሚኖሩ ነጮች ከተማሪዎቹ ጋራ በበሩ ላይ እየቆሙ በጋውን ተቃወሙ፤ በ1961 ዓ.ም. በሩ ለኹሉ ተከፈተ። ከእነዚያ ሰልፈኞች ቤት እንደ ሌላው ቤት የልጆች ፎቶግራፍ አይጠፋም፤ ስለዚህ በአንድ ዘመን የነበረን አባት ኹሉ በአንድ ፍርድ መጠቅለል አይገባም።

በባልቲሞር አጠገብ በነበረው በግዊን ኦክ ደግሞ በጁላይ 4 ቀን 1963 ዓ.ም. ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ታሰሩ። ከእነርሱም መካከል የካቶሊክ ካህናት፥ የፕሮቴስታንት ቄሶችና የአይሁድ መምህራን ነበሩ፤ በፕሪስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ሹመት የነበራቸው ዩጂን ካርሰን ብሌክም አብረው ታሰሩ። ካህን ስለ ልጆች መጫወቻ ይታሰራልን? የሚል ይኖር ይኾናል። መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ እነዚያን ነጭ ጠርዝ ያላቸውን ሥዕሎች አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ግዊን ኦክ ለኹሉ የተከፈተው በኦገስት 28 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ቀን በዋሺንግተን 250,000 ያህል ሕዝብ ለመብቱ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። በሚሽከረከሩት ፈረሶች ላይ መዠመሪያ የተቀመጠችው ጥቍር ልጅ ሻሮን ላንግሊ ትባላለች፤ ዕድሜዋ 11 ወር ነበረና አባቷ ደግፎ ይዟት ነበር። እርሷም በፎቶግራፍ ተነሣች። የ11 ወር ሕፃን የዋለችበትን ቀን አታስታውስም፤ ስለዚህ ያን ቀን ያወቀችው ከወላጆቿ አፍና ከሥዕሉ ነው። በሌሎቹ ሥዕሎች ደስታው የልጁ፥ ዕውቀቱ የአባት ነበር፤ በዚህ ሥዕል ግን ኹለቱም ያሉት በአባትዮው ዘንድ ነው።

በ1947 ዓ.ም. የተሠሩት እነዚያ ፈረሶች፥ የግዊን ኦክ ስፍራ ከተዘጋ በኋላ በ1981 ዓ.ም. ወደ ዋሺንግተን መጥተው ቤተ መዘክሮቹ ባሉበት ሰፊ ሜዳ ላይ ተተከሉ። በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተ ሰቦች ይኖራሉ፤ ከእነርሱም ልጆቻቸውን በፈረሶቹ ላይ አስቀምጠው ሥዕል የሚያነሡ አልጠፉም። አባት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ወደ እኔ ተመልከት እያለ ይጣራል፤ ልጁ ግን የፈረሱን ጆሮ እንደ ያዘ ወደ ፊት ይመለከታል።