በተከራካሪዎች መካከል እርቅ ስለ ማድረግ

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ አማኞችን ወንድማማቾች ላደረገ፥ የተጣሉትን ማስታረቅንም ከመልካም ሥራዎች ራስ ላይ ላኖረ ጌታ። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይኹን።

ከዚህ በኋላ፥ ምእመናን ሆይ፤ በመካከላችን በአንድ ረድፍ ቆመው የሚሰግዱ፥ በሶላቱ መጨረሻ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላምታ የሚሰጡ፥ ጫማቸውን አድርገው ከመስጊድ ሲወጡ ግን የማይነጋገሩ ሰዎች አሉ። ምክንያቱን ብትጠይቁ ወይ የሱቅ ኪራይ ነው፥ ወይ በሽርክና የተገዛ ዕቃ ነው፥ ወይ ሳይጻፍ የተሰጠ ብድር ነው፥ ወይ ከአባት የቀረ ቤት ነው። ነገሩ በፍርድ ቤት ዓመታት ቈይቷል። ቀጠሮ በደረሰ ቍጥር ሱቁ ይዘጋል፤ ለነገረ ፈጅ ይከፈላል፤ ልጆችም የአጎታቸውን ልጆች እንዳያናግሩ ይከለከላሉ።

ክስ ማቅረብ ሐራም ነው አላልንም። ዳኝነት ከሸሪዓ ምሰሶዎች አንዱ ነው፤ የተበደለ ሰው ወደ ዳኛ ቢሄድ አይነቀፍም። ነገር ግን ብዙ ነጋዴዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ይኸውም ዳኛ የፈረደላቸው ገንዘብ ኹሉ ሐላል የኾነላቸው ይመስላቸዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እናታችን ኡሙ ሰለማ ባስተላለፉት ሐዲስ፥ እርሳቸው ሰው መኾናቸውን፥ ከተከራካሪዎች አንዱ ከባልንጀራው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ሊኾን እንደሚችል፥ እርሳቸውም በሰሙት መጠን እንደሚፈርዱ ነግረውናል። እንዲህ ባለ መንገድ የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው የተቀበለው የእሳት ቍራጭ መኾኑንም አስጠንቅቀዋል። እንግዲህ የአላህ መልእክተኛ የሰጡት ፍርድ የሌላውን ሐቅ ሐላል ካላደረገ፥ ዛሬ ማኅተም የተመታበት ውሳኔ እንዴት ሊያደርገው ይችላል?

ይህ ሐዲስ አቡ ዳውድ በዘገቡት መንገድ ታሪክ አለው። ኹለት ሰዎች ስለ ቈየ ውርስ ተካሰው መጡ፤ ለአንዳቸውም ምስክር አልነበራቸውም። ተግሣጹን በሰሙ ጊዜ ኹለቱም አለቀሱ፤ እያንዳንዱም ሐቄን ለወንድሜ ለቅቄአለሁ አለ። ጥቂት ቀደም ብሎ እኮ አንዱም ለሌላው የሚለቅ አልነበረም። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልቅሶአቸውን አይተው ብቻ አላሰናበቷቸውም። ንብረቱን እንዲካፈሉ፥ በአከፋፈሉም እውነትን እንዲከታተሉ፥ ዕጣ እንዲጣጣሉ፥ ከዚያ በኋላ አውፍ እንዲባባሉ አዘዟቸው። አውፍ መባባል የመጣው ከክፍፍሉ በኋላ መኾኑን ልብ በሉ፤ ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

ለነጋዴዎች ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ሌላ ታሪክ አለ። ከዕብ ኢብኑ ማሊክ በኢብኑ አቢ ሐድረድ ላይ የነበረውን ዕዳ በመስጊድ ውስጥ ጠየቀው። ድምፃቸው ከፍ ከማለቱ የተነሣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ኾነው ሰሙ። የክፍላቸውንም መጋረጃ ገልጠው ከዕብን ጠሩት፤ ከዕዳው ግማሹን እንዲተው በእጃቸው አመለከቱት። እርሱም እሺ አለ። ወዲያው ወደ ባለዕዳው ዞረው ተነሥቶ የቀረውን እንዲከፍል አዘዙት። ክርክሩ በዚያው በቆሙበት አለቀ።

የዘመናችን ሸምጋዮች የዚህን ታሪክ ግማሽ ብቻ ይዘዋል። ባለገንዘቡን ግማሹን ተው ይሉታል፤ ለባለዕዳው ደግሞ ለቀረው ግማሽ ኹለት ዓመት ይሰጡታል። በችግር ላይ ያለውን ባለዕዳ መታገሥ ቁርኣን ያዘዘው ነው፤ መክፈል የሚችለው ሰው ግን ማዘግየቱ በደል መኾኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተናግረዋል። ሸምጋዩ ከኹሉ አስቀድሞ ባለዕዳው ከኹለቱ የትኛው እንደ ኾነ ማወቅ አለበት።

አሁን ንግግሬን ወደ ቃዲዎች፥ ወደ ዳኞችና ወደ ነገረ ፈጆች አዞራለሁ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ተከራካሪዎች ራሳቸው ይታረቁ ዘንድ ዳኞች እንዲመልሷቸው ያዝዙ እንደ ነበር፥ ምክንያቱንም ሲናገሩ ፍርድ በሰዎች መካከል ቂም ያሳድራል ማለታቸው ተላልፏል። ቁርኣንም በሱረቱ ኒሳእ ባልና ሚስት እንዳይለያዩ በተፈራ ጊዜ ከርሱ ወገን አንድ፥ ከርሷ ወገን አንድ ዳኛ እንዲላክ ያዝዛል። ዑስማኒዎች እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1869 እስከ 1876 ባዘጋጁት መጀለቱል አሕካም በተባለው ሕግ ውስጥ ለሱልሕ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሰጥተውታል፤ በቍጥር 1826ም ዳኛው በዘመዳሞች መካከል ለሚነሣ ክርክር፥ በባዕዳንም መካከል ቢኾን የመታረቅ ተስፋ ካለ፥ አንድ ወይም ኹለት ጊዜ ታረቁ ብሎ እንዲመክራቸው ደንግገዋል። እንቢ ካሉ ይፈርዳል። ዳኛው ይመክራል እንጂ አያስገድድም፤ ነገሩንም እያንከባለለ ባለሐቁን አያሰለችም።

በአገራችንም ቢኾን ሕጉ ይህን በር ከፍቷል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በአዋጅ ቍጥር 188/1992 መሠረት የሚያዩት ጋብቻን፥ ፍችን፥ ውርስን፥ ወቅፍንና ይህን የመሰለውን ነው፤ ያውም ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ነው። የነጋዴ ዕዳና የሽርክና ክርክር ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ እርቅ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቍጥር 1237/2013 ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቍጥር 1234/2013ም በፍርድ ቤቱ ሥር የሚካሄድ የማስማማት ሥራን አስገብቷል። ስለዚህ ነጋዴው መዝገብ ከተከፈተ በኋላ እርቅ አይቻልም ብሎ አያመካኝ።

ነገረ ፈጆች ሆይ፤ እንጀራችሁ ከሙግት እንደ ኾነ እናውቃለን፤ ሐላል ሥራም ነው። ነገር ግን ደንበኛችሁ በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ፥ ከተቃራኒህ ጋራ ተቀምጠህ ታውቃለህን ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው አላውቅም ይላችኋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎችን ማስታረቅ ከጾም፥ ከሶላትና ከሰደቃ የሚበልጥ ደረጃ እንዳለው አስተምረዋል፤ ሊቃውንትም ይህ ስለ ሱና ዒባዳዎች ነው ብለዋል። ከአንድ የክስ ማመልከቻ ዋጋ ጋራ አመዛዝኑት።

እርቅ ኹሉ ግን እርቅ አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ.) ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ በጻፉት ደብዳቤ ሱልሕ የተፈቀደ መኾኑን፥ ነገር ግን ሐራሙን ሐላል፥ ሐላሉንም ሐራም የሚያደርግ ስምምነት የማይጸና መኾኑን አስታውቀዋል። ዕዳው ይራዘምልህና በላዩ ላይ ጨምር ማለት ሪባ ነው፤ ዐሥር ሽማግሌ ቢፈርምበት ስሙ አይለወጥም። በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ተከሳሹ ሐቁን እየካደ የሚደረግ የገንዘብ ሱልሕ አይጸናም፤ በሐነፊ፥ በማሊኪና በሐንበሊ ይጸናል። በአገራችን ሐነፊውም ሻፊዒውም ስላሉ፥ ሸምጋይ ሳይጠይቅ አይጀምር። የተስማሙበትም ነገር በጽሑፍ ይኹን፤ መጠኑና ቀኑ ይገለጥ፤ ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ለእያንዳንዱም አንድ አንድ ቅጂ ይሰጥ።

ኢብኑል ቀይም፥ በ751 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ሊቅ፥ ብዙ ሰው በኀይለኛውና በደካማው መካከል ሲያስታርቅ ኀይለኛው የሚወደውን እንደሚያደርግ፥ ይህም በደል ኾኖ ሳለ እርቅ ተብሎ እንደሚጠራ ጽፈዋል። ይህን ሳነብ ራሴን ነጻ አላደርግም።

ወጣት ሳለሁ በአንዲት የገበያ ከተማ ሦስት ወንድማማቾችና አንዲት እኅታቸው በውርስ ተጣሉ። ኪታብ ቀርቷል ተብዬ ከታላላቆቹ ጋራ ለሽምግልና ተቀመጥሁ። ከአራቱ ልጆች በቀር ሌላ ወራሽ አልነበረም፤ የእኅቲቱ ድርሻ ከሰባት አንድ እጅ ነበር። ሽማግሌዎቹ፥ «ልጄ፥ አንቺ ባል አለሽ፤ የአባትሽ ሱቅ እንዳይበተን ለወንድሞችሽ አውፍ በያቸው» አሏት። ከመሬት ዐይኗን ሳታነሣ፥ «እናንተ ካላችሁ» አለች። ዱዓ ተደረገ፤ ቡና ተጠጣ፤ እርቅ ወረደ ተባለ። እኔ የድርሻዋን ልክ ዐውቅ ነበር፤ ዝም አልሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በደርስ ላይ አንድ ወጣት፥ «ሸኽ፥ ሰው ዐፍሮ የተወው ገንዘብ ለተቀበለው ሐላል ይኾናልን?» ብሎ ጠየቀኝ። የማን ልጅ እንደ ኾነ ዐወቅሁት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሙስሊም ገንዘብ ልቡ ካልወደደ በቀር አይፈቀድም ማለታቸውን፥ ብዙ ሊቃውንትም በሐፍረት የተወሰደውን በጉልበት እንደ ተወሰደ መቍጠራቸውን ነገርሁት። ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም።

በማግስቱ ተነሥቼ ወደ አጎቶቹ ሄድሁ፤ ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ተናገርሁ። ታላቅየውና ታናሽየው የሱቁን ዋጋ አስገምተው ከእጃቸው ካለው የሚደርሳትን ሰጧት፤ እርሷም ከተቀበለች በኋላ በፈቃዷ አውፍ አለቻቸው። መካከለኛው ግን፥ «በሽማግሌ ያለቀ ነገር አይነሣም፤ አንተም በቦታው ነበርህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ነበርሁ። እስከ ዛሬ ድረስ እየሄድሁ እለምነዋለሁ።